ምዕራፍ 7፦ ከአሮጌው ኮምፒውተር ምን ይዘን እንውጣ?

አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው አሮጌውንና አዲሱን ይዞ ወደ ጥገና ሱቅ ይሄድና «ያለኝን ሁሉ ወደዚህ ገልብጥልኝ» ይላል። ባለሙያው «ምን ምን አለዎት?» ሲለው መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ዴስክቶፕ ላይ ያለውን፣ ዶክመንቱን፣ ፎቶውን።» ይገለበጣል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። የጎደለው የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። የደንበኞች ስልክ የተጻፈበት፣ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ይኖር የነበረው ቢጫ ማስታወሻ የለም። በ1998 ዓ.ም. የተጻፈ የኪራይ ውል ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይደረደራል። ብራውዘሩ አንድም ፓስወርድ አያስታውስም። የሒሳብ ፕሮግራሙ ይከፈታል፤ የድርጅቱ ስም ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በዚያን ጊዜ አሮጌው ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ለሌላ ሰው ተሸጧል።

እነዚህ ነገሮች ሲገለበጡ ተበላሽተው አልጠፉም። መጀመሪያውኑ የጠራቸው ሰው ስላልነበረ ቀርተዋል። መገልበጥ ኮምፒውተር ጠንቅቆ የሚያውቀው ሥራ ነው። ለእኛ የሚቀረው ከባዱ ሥራ የራሳችን የሆነው ነገር ማሽኑ ውስጥ የት የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ተገልብጦ እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ ለይቶ ማወቅ ነው።

ጊዜውም ይህን ዕውቀት የሚሻ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ በኢንቴል ፕሮሰሰር በኩልም ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ገና ደህና የሚሠራ ላፕቶፕ ያላቸው ብዙ ሰዎች አዲስ ወይም «ስላሽ» የሚባለውን ጥቂት ያገለገለ ማሽን ለመግዛት እያሰቡ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ለእነሱ ነው፤ ስለ ማክ የምለው ትንሽ ነው። ማክ «ማይግሬሽን አሲስታንት» የሚባል የራሱ ማዛወሪያ ስላለው ከማክ ወደ ማክ የሚሻገር ሰው ድካሙ ይቀልለታል።

በስምዎ የተከፈተው ፎልደር

ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሲ ድራይቭ ላይ «ዩዘርስ» በሚባለው ፎልደር ሥር በስሙ አንድ ፎልደር ይከፍትለታል። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ የሚባሉት ሁሉ በመደበኛው አሠራር እዚህ ውስጥ ናቸው። ዴስክቶፕ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ስለሚታይ ብዙ ሰው የተለየ ቦታ ይመስለዋል፤ እሱም እንደሌሎቹ ተራ ፎልደር ነው። ስለዚህ አንዱን አንዱን እየለቀሙ ከመገልበጥ በስምዎ የተከፈተውን ፎልደር ሙሉውን መውሰድ ይሻላል። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ግን በቀጥታ በአዲሱ የተጠቃሚ ፎልደር ላይ አይደርቡት። «አሮጌው ኮምፒውተር» ብለው አንድ ፎልደር ይክፈቱና እዚያ ያስቀምጡት፤ የሚያስፈልገውን ከዚያ እያወጡ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ሲገለበጥ አንዳንድ ፋይል «በሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ሊል ይችላል፤ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ የራሱ መዝገቦች ስለሆኑ ማለፍ ይቻላል።

ሙሉውን መውሰድ የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት በውስጡ አንድ የማይታይ ፎልደር መኖሩ ነው፤ «አፕዴታ» ይባላል። ዊንዶውስ ይህን ፎልደር የሚደብቀው ተጠቃሚው ሳያውቅ እንዳይነካካው ነው። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ካልታዘዘ አይታይም። ውስጡ «ሮሚንግ» እና «ሎካል» የሚባሉ ክፍሎች አሉ። ሮሚንግ በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ ላይ ተጠቃሚው ወደ ሌላ ማሽን ሲሄድ አብሮት እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሎካል ደግሞ ከዚያው ማሽን ጋር የሚቀር ነው። ፕሮግራሞች የእርስዎን ልማድ የሚጽፉት እዚህ ነው። ዎርድ ያስተማሩትን ቃል የሚያስቀምጥበት መዝገበ ቃላት፣ የፋየርፎክስ ቡክማርክ፣ የዚያ ቢጫ ማስታወሻ ጽሑፍ ሁሉም አፕዴታ ውስጥ ናቸው። ማስታወሻው ዴስክቶፕ ላይ ቢታይም ዴስክቶፕ ፎልደር ውስጥ አይገኝም። የማይክሮሶፍት አካውንት ተከፍቶ ከሆነ በዚያ በኩል ሊመለስ ይችላል፤ ካልተከፈተ ግን በጊዜው አንድ በአንድ ወደ ተራ ጽሑፍ ገልብጦ መያዝ ከሁሉም የማያሳስት መንገድ ነው።

ከተጠቃሚው ፎልደር ውጭ ያለውም ቀላል አይደለም። ኮምፒውተሩን ያዘጋጀው ባለሙያ ዲስኩን ሲና ዲ ብሎ ከፍሎት ከሆነ ዲ ላይ ያለው ለብቻው መታየት አለበት። በቀጥታ ሲ ላይ የተከፈቱ ፎልደሮችም ይኖራሉ፤ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም ዳታውን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ልጆች ወይም ባለቤትዎ በሌላ ስም ይገቡ ከነበረ የእነሱም ፎልደር ዩዘርስ ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል። በእኛ አገር በተለይ መታየት ያለበት ደግሞ ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ነው። ስንት መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን፣ ፕሮፎርማውን፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤውን በቴሌግራም ይለዋወጣል! ሰው ፋይሉን ከቴሌግራም ላይ ከፍቶ፣ አስተካክሎ፣ ሴቭ አድርጎ ይዘጋዋል። የተስተካከለው ቅጂ ያለው እዚህ ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው፤ ቻቱ ላይ ያለው ያልተነካው የመጀመሪያው ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ አደጋም አለ፤ ያለ የሚመስል ግን የሌለ ፋይል። ዋንድራይቭ በርቶ ከሆነ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ በጸጥታ ወደ ዋንድራይቭ ፎልደር ሊዛወሩ ይችላሉ። ቦታ ለመቆጠብም አንዳንዶቹ ፋይሎች ስማቸው ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ ይዘታቸው ማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ምልክቱ ከፋይሉ ጎን ያለች ትንሽ ደመና ናት። እንዲህ ያለ ፋይል ከኢንተርኔት ወርዶ ካልመጣ ወደ ፍላሽ አይገለበጥም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ «ሁልጊዜ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ይቆይ» የሚለውን መርጦ እስኪወርድ መጠበቅ ግድ ነው። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ በሆነበት ቦታ ይህ ለብቻው አንድ ሌሊት ሊወስድ ይችላል።

ፕሮግራም ለምን አይገለበጥም

ብዙ ሰው የሚሞክረው ነገር አለ፤ የፕሮግራሙን ፎልደር ከ«ፕሮግራም ፋይልስ» ገልብጦ አዲሱ ላይ መለጠፍ። አይሠራም። ሰነድ ተነሥቶ የትም ቢቀመጥ ያው ሰነድ ነው፤ ፕሮግራም ግን ሥር እንደሰደደ ተክል ነው፣ ግንዱን ቆርጦ ሌላ መሬት ላይ ቢያቆሙት አይጸድቅም። ፕሮግራም ሲጫን ከራሱ ፎልደር በተጨማሪ «ሬጂስትሪ» በሚባለው የዊንዶውስ ማዕከላዊ መዝገብ ውስጥ ብዙ ነገር ይጽፋል፤ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚጋራቸውን ፋይሎችም ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ስለዚህ ፕሮግራም እንደ አዲስ ይጫናል፤ የሚዛወረው ዳታው ነው።

ማይክሮሶፍት ራሱ ይህን ድካም ለማቃለል ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ፋይልና ሴቲንግ የሚያዛውር መሣሪያ አወጣ፤ ከቪስታ ጀምሮ «ዊንዶውስ ኢዚ ትራንስፈር» ብሎ አሻሻለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ግን ቀረ። ፕሮግራሞችንም ጭምር እናዛውራለን የሚሉ የሚሸጡ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ለቀላል ፕሮግራም ሊረዱ ይችላሉ። እኔ ግን ለሥራ ኮምፒውተር አልመክራቸውም። ለዓመታት የተከማቸውን ብልሽት ጭምር ይዘው ይሻገራሉ፤ ከዚያም በላይ ምን እንዳዛወሩና ምን እንደተዉ ባለቤቱ አያውቅም።

አሮጌው ማሽን ገና እየሠራ ሳለ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አይቶ በወረቀት መጻፍ፣ ወይም ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ጎን መጫኛው የት እንዳለና የላይሰንስ ቁጥሩን ይጻፉ። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የተሸጠ የዊንዶውስ ላይሰንስ በአብዛኛው ከዚያው ማሽን ጋር ይቀራል፤ ለብቻው የተገዛ ግን ሊዛወር ይችላል። የፕሪንተርና የስካነር ሞዴልም ከዝርዝሩ አይቅር። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ስለሆነ ለ32 ቢት ዊንዶውስ የተሠራ አሮጌ ድራይቨር አይቀበልም፤ ከዊንዶውስ 95 በፊት የተሠሩት ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችማ ጭራሽ አይከፈቱም።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ በጣም የሚያሳስበው የሒሳብ ክፍሎችን ነው። ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው ፒችትሪ በብዙ ድርጅቶች አሁንም በአሮጌ ስሙና በአሮጌ ቅጂው ይሠራበታል። የፒችትሪ ዳታ ዶክመንትስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ዶክመንቱን ሁሉ የገለበጠ ሰው ከዓመታት ሒሳብ አንድ መስመር እንኳን ሳይዝ ሊወጣ ይችላል። የኩባንያውን ፎልደር በእጅ መገልበጥም አስተማማኝ አይደለም። ከሥሩ የዳታቤዝ ሞተር አለ፤ አንድ ሠራተኛ ፕሮግራሙን ከፍቶ እየሠራ ሳለ የተገለበጠ ፋይል አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር ሳይስማማ ሊቀር ይችላል። ትክክለኛው መንገድ በኔትወርክ የተገናኙት ሁሉ እንዲወጡ አድርጎ፣ ከራሱ ከፕሮግራሙ ሜኑ ባክአፕ መውሰድ ነው። መጨረሻው ፒቲቢ የሆነ አንድ ፋይል ይወጣል። ብዙ ኩባንያ ካለ ለእያንዳንዱ ለብቻው መውሰድ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ የቅጂው ጉዳይ ይመጣል። በአዲስ ቅጂ የተወሰደ ባክአፕ በአሮጌ ቅጂ ላይ አይመለስም። የአሮጌው ባክአፕ በአዲሱ ላይ ሲመለስ ደግሞ ዳታው ወደ አዲሱ ዓይነት ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የለም። ስለዚህ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ በተቻለ መጠን ያንኑ ቅጂ መጫን፣ መመለስ፣ ማመሳከር፣ ማሻሻል ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ማሰብ ነው። ሲመለስም ራስዎ ያስተካከሏቸው የደረሰኝና የቼክ ፎርሞች አብረው እንዲመጡ ምርጫው ላይ ምልክት ማድረግ አይርሱ። ማመሳከሪያው ትራያል ባላንስ ነው፤ ከአሮጌው ማሽን ላይ ታትሞ፣ ከአዲሱ ላይ ታትሞ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይነበባሉ። አንድ ሳንቲም እንኳን ቢለያይ ዝውውሩ አልተጠናቀቀም።

የአማርኛ ጽሑፍ

አማርኛ የሚጽፍ ሰው በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው የማያውቀው አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ለብዙ ዓመታት ከዚያ በኋላም፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በቀድሞው ፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት የተጻፈው ሁሉ በሌላ ዘዴ የተሠራ ነበር። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት መለያ ሆኖ ፎንቱ ነው በዚያ ቦታ ላይ «ለ»ን ወይም «መ»ን የሚስለው። አንድ ፎንት ይይዝ የነበረው ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ስለነበረ ፊደላችን ከነዝርያው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ አልበቃ እያለ፣ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ተከፋፍሎ የተሠራበትም ነበር።

እንዲህ የተጻፈ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ ላቲንና ምልክት ተቀላቅሎበት ይታያል። ሰው «ተበላሽቷል» ይልና ያጠፋዋል። አልተበላሸም! አንድም ፊደል አልጎደለም። የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነው፤ ፎንቱ ሲጫን ገጹ በሙሉ ይመለሳል። ይህን ለማንም በአሮጌ ማሽን ላይ አማርኛ ላለው ሰው ደግሜ ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ የተጣለ ጽሑፍ ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ ፎንቶቹን መውሰድ የዝውውሩ ዋና አካል ነው። «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» ከፍቶ የአማርኛዎቹን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ 10 ቅጂዎች ግን አንድ ተጠቃሚ ለራሱ ብቻ የጫነው ፎንት በዚያው በተደበቀው አፕዴታ ውስጥ ስለሚቀመጥ እዚያም መፈለግ አለበት። ፎንት መውሰድ ግን ለአሁን ብቻ የሚሆን መፍትሔ ነው። እነዚያ ፎንቶች የሚሠሩት እስከመቼ እንደሆነ የሚያረጋግጥልን የለም፤ በእነሱ የተጻፈ ሰነድም ውስጡ በአማርኛ ቃል አይፈለግም፣ በስልክ ላይ አይነበብም። አሮጌው ኮምፒውተር አሁንም እየሠራ፣ ጽሑፉ አሁንም በትክክል እየታየ ሳለ ሁለት ነገር ቢደረግ ደስ ይለኛል። አንደኛው ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች ወደ ፒዲኤፍ ማውጣት ነው፤ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ስለሚካተት ገጹ እንደነበረ ይኖራል። ሁለተኛው ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። እያንዳንዱ አሮጌ ዘዴ የራሱ ሠንጠረዥ ስላለው መቀየሪያውም በየዘዴው ይለያያል፤ ከተቀየረ በኋላ አንድ ሰው ከፒዲኤፉ ጋር እያመሳከረ ማንበብ አለበት። በተለይ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ይንሸራተታሉ።

በዩኒኮድ የጻፈም ሰው ትንሽ ሥራ ይጠብቀዋል። ከቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው ኒያላ ፎንት በዊንዶውስ 10ና 11 ላይ ከመጀመሪያው ላይኖር ይችላል፤ ከአማራጭ ክፍሎች መካከል ተመርጦ የሚጫን ሆኗል። ካልተጫነ ኮምፒውተሩ ጽሑፉን በሌላ ፎንት፣ ብዙ ጊዜ በኤብሪማ፣ ያሳየዋል። ይነበባል፤ ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለይ መስመር ይገፋል፣ ገጽ ይዛወራል፣ ማውጫው ከገጹ ጋር አይገናኝም። ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ መጽሐፍ ላለው ሰው ይህ የብዙ ቀን ሥራ ነው። ኪቦርዱንም ያስቡበት። በአንድ ፊደል አመታት ለዓመታት የለመደ እጅ ሌላ አመታት ሲሰጠው ይደናቀፋል፤ ስለዚህ የሚጽፉበትን ፕሮግራም ስምና ቅጂ መዝግቦ ያንኑ መጫን የጸሐፊን ፍጥነት ያድናል።

ፓስወርድ፣ ኢሜይልና ቻት

ክሮም ፓስወርዶችን የሚያስቀምጠው ከዊንዶውስ አካውንትዎ ጋር በተያያዘ ምስጢራዊ ቁልፍ ቆልፎ ነው። ስለዚህ የክሮምን ፎልደር ገልብጦ መውሰድ ፓስወርዱን አያመጣም፤ ይህ የተደረገውም ፎልደሩን የሰረቀ ሰው እንዳያነባቸው ነው። በጉግል አካውንት ማመሳሰል፣ ወይም ከክሮም ሴቲንግ ወደ ፋይል ማውጣት ይቻላል። የወጣው ፋይል ማንም ከፍቶ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ አዲሱ ላይ እንደገባ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ በፍላሽ ላይ ረስቶ መሄድ የባንክን ጨምሮ የሁሉን ነገር ፓስወርድ በኪስ ይዞ መዞር ነው። ፋየርፎክስ የተለየ ነው፤ የፕሮፋይል ፎልደሩ ሙሉው ከተወሰደ ፓስወርዱም አብሮ ይሄዳል።

አውትሉክን በፖፕ ዘዴ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ኢሜይሉ ሰርቨር ላይ ላይኖር ይችላል። ያለው መጨረሻው ፒኤስቲ በሆነ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው። አውትሉክ ተዘግቶ ያ ፋይል መገልበጥ አለበት። ኦኤስቲ የሚባለው ግን የሰርቨሩ ግልባጭ ስለሆነ አዲሱ ላይ እንደገና ይወርዳል።

ቴሌግራም ያስጨንቃል ብዬ አላስብም፤ ተራው ቻት ሁሉ ሰርቨር ላይ ስላለ በስልክ በሚመጣው ኮድ መግባት ይበቃል። ዋትስአፕም ከስልክ ጋር እንደገና ይያያዛል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ኮድ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሲሆን ነው። አዲሱ ላይ ሳይገቡ አሮጌውን ካጠፉት ከራስዎ አካውንት ውጭ ሊቀሩ ይችላሉ።

መገልበጡ

ለዚህ ሥራ ትንንሽ ፍላሾችን እያፈራረቁ ከመሄድ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሻላል። 200 ጊጋባይት በአሮጌው ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ቢሄድ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፤ በዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ይህ ትልልቅ ፋይሎች ሲሆኑ ነው። ብዙ ሺህ ጥቃቅን ፋይል ያለበት ፎልደር በመጠን ትንሽ ሆኖ እጅግ ይዘገያል፤ ለእያንዳንዱ ፋይል መመዝገቢያ ሥራ ስላለው። «ተበላሸ» ብሎ ማቋረጥ አያስፈልግም።

ፍላሽ ወይም ዲስክ በፋት 32 ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮና የፒኤስቲ ፋይል ብዙ ጊዜ በዚህ ይቆማሉ። ባዶ ሳለ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ነው። በርካሽ የሚሸጡ፣ 1 ቴራባይት የተጻፈባቸው ፍላሾችም በገበያው ላይ አሉ። ቺፑ ሐሰተኛ መጠን እንዲናገር ተደርጎ ስለተሠራ ከእውነተኛው መጠን በላይ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ባዶ ነው። ስለዚህ ከተገለበጠ በኋላ ፍላሹን ነቅሎ መልሶ ሰክቶ በተለይ መጨረሻ የገቡትን ፋይሎች ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ከት አያድርጉ፤ ኮፒ ያድርጉ። ከት ሲደረግ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ኮፒ ሲደረግ አሮጌው እንዳለ ስለሚቆይ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ ያለ ዩፒኤስ ይህን ሥራ አለመጀመር ነው። ሲያልቅ ሁለቱንም ፎልደሮች በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ብሎ የፋይሉን ብዛትና በባይት የተጻፈውን መጠን ማነጻጸር ይገባል። «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለው ቢለያይ ችግር የለውም፤ እሱ በዲስኩ አከፋፈል ይወሰናል። የተፈጠረበት ቀን ወደ ዛሬ ተቀይሮ ቢታይም አይደንግጡ፤ የተሻሻለበት ቀን እንደነበረ ነው፣ በካሜራ የተነሣ ፎቶም የተነሣበትን ቀን በውስጡ ይዟል።

በአሮጌው ማሽን ላይ ሾርትከት ቫይረስ ካለ ፎልደሮቹ ተደብቀው በስማቸው ሾርትከት ይቀመጣል። ሾርትከቱን መገልበጥ ቫይረሱን መጥራት ነው፤ እውነተኛዎቹ ፎልደሮች የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ሲደረግ ይገኛሉ። ወደ አዲሱ የሚሄደው ዲስክ ከመከፈቱ በፊት በአንቲቫይረስ ይታይ።

አሮጌው ላፕቶፕ ጭራሽ የማይነሣ ከሆነ ዲስኩ ወጥቶ በኬዝ ከአዲሱ ጋር ሊያያዝ ይችላል። እዚህ ላይ ቢትሎከር የሚባለው መቆለፊያ ይገጥማል። ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ዲስኩ የሚከፈተው በ48 አኃዝ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲዘጋጅ በተከፈተው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ያ አካውንት በሌላ ሰው ኢሜይል ተከፍቶ ከሆነ ቁልፉም ከዚያ ሰው ዘንድ ነው። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ ይህን ቁልፍ አውጥቶ በወረቀት ላይ መያዝን የመሰለ ነገር የለም።

አሮጌው ማሽን መቼ ይለቀቅ

ብዙ ነገር የሚታወሰው ሲፈለግ ብቻ ነው። በየወሩ የሚታወጅ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ የጡረታና የደመወዝ ሰነድ አለ፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈት ፋይልም አለ። ስለዚህ አሮጌውን ማሽን ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ወር ሳይነኩ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ለሒሳብ ክፍል ደግሞ ከዚያም በላይ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ ኮምፒውተር መቀየርን ፈጽሞ አልመክርም። ማሽኑን የግድ መሸጥ ካለብዎት ዲስኩን አስወጥተው ያስቀሩት፤ ገዢው ሌላ ዲስክ ሊያስገባበት ይችላል።

ፋይል ማጥፋት ብቻውን አሮጌውን ማሽን ባዶ አያደርገውም። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ተራ ፎርማት እንኳን ዳታውን በቦታው ትቶት ስለሚሄድ በቀላል ሶፍትዌር ሊመለስ ይችላል። በሴቲንግ ውስጥ «ሪሴት» የሚለውን ሲመርጡ ሁሉንም አስወግድ ብሎ ድራይቩንም እንዲያጸዳ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ሰዓታት ይወስዳል፣ ይውሰድ። ኤስኤስዲ ላይ የጠፋን ነገር መመለስ እጅግ ከባድ ነው፤ የኮምፒውተርዎ ዲስክ የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ግን ሃርድ ዲስክ እንደሆነ ቆጥረው ያጽዱት።

ከማጽዳትዎ በፊት ከአካውንቶቹ ይውጡ። በቴሌግራም ሴቲንግ «ዲቫይስስ» ውስጥ አሮጌው ኮምፒውተር አሁንም ተመዝግቦ ይኖራል፤ ከስልክዎ ላይ ያስወጡት፤ ዋትስአፕ ላይም እንደዚያው። አንዳንድ ፕሮግራሞች በአንድ ላይሰንስ የሚፈቅዱት የማሽን ብዛት የተወሰነ ነው፤ የአዶቢ ክሪኤቲቭ ክላውድ ለምሳሌ በሁለት ኮምፒውተር ይገደባል። እነዚህን አሮጌው ማሽን ላይ ከፍቶ «ሳይን አውት» ወይም «ዲአክቲቬት» ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ማሽኑ ከተጠረገ በኋላ ግን ከውስጡ ሆኖ ማድረግ አይቻልም፤ በአካውንቱ ገጽ በኩል ማስወጣት፣ እሱም ካልሆነ ለአምራቹ ጽፎ መልስ መጠበቅ ያስፈልጋል።